ተቀመጥ ያልኩት ውሻ

ወዳጄ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ፍረድብኝ፣ እኔ የዚህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ጫማዬን አድርጌ የምወጣ ሰው ነበርኩ። በእኛ በላስታ ገደሉ ሁሉ ባለቤት አለው ይባላል፣ በክረምት ጉም በወጣ ቁጥር ደግሞ አንዱ ከሞተ ዘመዱ ጋር መንገድ ላይ ሰላምታ ተለዋውጦ ይመጣል፣ እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፣ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምር፣ ጉም ማለት የቀዘቀዘ የውሃ እንፋሎት ነው ብዬ ስንት ዓመት በጠመኔ የጻፍኩ ሰው፣ ጉም ውስጥ ሰው አየሁ የሚለኝን ሁሉ «ጠላውን ቀነስ ብታደርገው ጉሙም ይገፈፍልህ ነበር» እያልኩ የማላግጥ ሰው ነበርኩ። አፌ መጥፎ ነው፣ ሚስቴ ሙሉም ትመሰክርልሃለች፣ በተለይ ተናድጄ ከሆነ ምላሴን የሚይዘው የለም። ይህ የምነግርህ ነገር የመጣብኝም ከዚሁ ከአፌ ነው።

ቤታችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አባቴ የተዉልኝ ማሳ ከአያ ተገኘ ማሳ ጋር የተጣበቀ ነው፣ በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች መጥተው በሁለታችን መካከል አንድ ጥቁር ድንጋይ ተክለው ወሰናችሁ ይህ ነው ብለውን ሄደዋል፣ ድንጋዩ ለሁለት ሰው ምንም አይደለም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲያነሳው ግን ጥርስ ያስነክሳል። አያ ተገኘ ዕድሜያቸው ከአባቴ ጥቂት የሚያንስ፣ ጎበዝ አራሽ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ቤት ሲመጡ ውጭ ቆመው ሦስቴ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ደፍ የማይረግጡ ሰው ነበሩ። አባቴ ሲሞቱ መቃብሩን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፣ ይህንን አለመርሳት ነበረብኝ።

አንድ ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ዓይኔን ወደ ማሳዬ ስመልስ ድንጋዩ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ እኔ የገባ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምልህ፣ ልብ አድርግ፣ አልለካሁትም፣ ማንንም አልጠየቅኩም፣ የተናደደ ሰው ሜትር አይፈልግም። በቀጥታ ሄጄ ደጃቸው ላይ ቆምኩና ጮህኩባቸው።

«ልጄ፣ እኔ ያባትህን ድንበር አልገፋሁም» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ጎርፍ አንሸራቶት ይሆናል፣ ነገ ሽማግሌ ይዘን እንየው።»

«ጎርፍ ዳገት ይወጣል እንዴ?» አልኳቸው፣ «አንተ ነህ የገፋኸው።»

አንተ! አባቴ እንኳ አያ ይሏቸው የነበሩትን ሰው አንተ አልኳቸው፣ ሚስታቸው እትዬ ታንጉት ከውስጥ ሰምታ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አየኋት፣ እኔ ግን ልክ እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌም አልቀረብኩ፣ በሚካኤል ማኅበር አብረን እንጠጣ ነበር፣ ከተጣላ ሰው ጋር ጽዋ አይነሳምና እሱንም ተውኩት፣ የሁለታችንም የነፍስ አባት መምሬ ክንፉ ሦስት ጊዜ ሊያስታርቁን መጥተው ሦስቴም ሰበብ ሰጥቼ መለስኳቸው።

በዚያው ሰሞን ነው ውሻ ያመጣሁት። እንደምታውቀው በእኛ አገር ሰው ለባላጋራው ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም ይለዋል፣ ውሻህን የፈለግኸውን ስም ብታወጣለት የሚከስህ የለም፣ ስለዚህ እኔም ቡችላውን «ዓይናለኝ» አልኩት። ዓይን አለኝ፣ ስትገፋ አይቼሃለሁ ለማለት ነው፣ መንደሩ ሁሉ ለማን እንደተባለ ገብቶታል። እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አላየሁም። አያ ተገኘም አላረፉም፣ በሬያቸውን «እግዜር አለ» አሉትና እርሻ ላይ ሲውሉ «ና እግዜር አለ! ሳብ እግዜር አለ!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ቤቴ ይሰማ ነበር፣ ሙሉ እየሳቀች «እሳቸው በለጡህ» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

የአጎቴ ልጅ ከድሮው ሠራዊት ተበትኖ የመጣ ነው፣ ካምፕ ሲጠብቅ ውሻ ሲያሠለጥኑ አይቷል፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡችላው የሙሉን ቀሚስ ሲጎትት ሲያይ «እኔ ላሳይህ» አለኝ። ያሳየኝ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ነው፣ ግን ነገሩ ልክ ነበር፣ አንድ ቃል ለአንድ ነገር ብቻ፣ ቃሉን አትደጋግም፣ ሲታዘዝ በዚያችው ቅጽበት አጉርሰው፣ ካልታዘዘ አትምታው ግን አታጉርሰውም፣ ደግሞ ተናደህ አታሠልጥን። የመጨረሻዋን አልሰማሁትም።

ኪሴን በደረቅ ቂጣ ቁርጥራጭ ሞላሁና ጀመርኩ። ቂጣውን ከአፍንጫው በላይ ከፍ ስታደርገው አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንገቱ ሲሄድ ቂጡ መሬት ይነካል፣ ያን ጊዜ «ተቀመጥ» ትለውና ታጎርሰዋለህ፣ በሁለት ቀን ያዛት። «ና»ን በረጅም ጠፍር አስሬ እየሳብኩ አስተማርኩት። «ቆይ» ከበደችው፣ መዳፌን አሳይቼው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ እኔ ስርቅ እሱ ይከተለኛል፣ እንደገና። ከሁሉ የባሰችው «ዝም» ነበረች፣ ውሻ ሥራው መጮህ ነዋ፣ ቢሆንም ይህችንም በአፉ ላይ እጄን ጣል እያደረግሁ ከብዙ ቂጣ በኋላ አስያዝኩት፣ ሙሉ ግን አልጣማትም፣ «የማይጮህ ውሻ ምን ሊሆነን ነው የምንቀልበው?» ትለኝ ነበር። በመንገድ የሚያልፈውም «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ ሲባል ነበር የምናውቀው፣ መምህሩ ደግሞ ከትምህርት አገቡት» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የሥልጠና ትምህርቱ ለውሻው ነው እንጂ ስድቡ ለሌላ ነው፣ ወሰኑ አጠገብ እየቆምኩ ድምፄን ወደ አያ ተገኘ ቤት አዙሬ «ዓይናለኝ ና! ዓይናለኝ ተቀመጥ!» ስል እውላለሁ፣ በቀን መቶ ጊዜ ቢሆን ነው፣ ትልቅ ሰው በገዛ ቤታቸው ጆሯቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ሙሉ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ላሊበላ ከተማ ወረደች፣ አያ ተገኘም እንደየዓመቱ ሱባኤ ገብተው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ማደር ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም፣ ጉሙ መንደሩን ውጦት ከደጄ ያለው ወይራ እንኳ አይታይም ነበር፣ ዓይናለኝ ከወዴት እንደመጣ ሳላውቅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እየሮጠ ገባ። አልጮኸም፣ መጮህ አስትቼዋለሁ፣ ብቻ በአፍንጫው እንደ ሕፃን የሚያለቅስ ድምፅ ያሰማል፣ ሱሪዬን ይነክሳል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያየኛል፣ እንደገና ይሄዳል።

እኔ ቀበሮ አይቶ ነው አልኩ። ቀጥሎም ምን አልኩ መሰለህ፣ እንዲህ ልቡ በቆመበት ሰዓት ከታዘዘ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው አልኩ። «ተቀመጥ!» አልኩት። ተቀመጠ፣ እየተንቀጠቀጠ። «ዝም!» አልኩት፣ ያ የአፍንጫው ድምፅ ተቋረጠ። «ቆይ!» አልኩና መዳፌን አሳይቼው እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴ እኔን አንዴ በሩን ከማየት በቀር ንቅንቅ አላለም፣ እመነኝ፣ በማስተማር ሕይወቴ እንደዚያን ለት የኮራሁበት ቀን የለም። ትልቅ ቂጣ ሰጠሁት። ተቀበለኝና መሬት ላይ አስቀመጠው፣ አልበላውም። በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች አያ ተገኘን ገደሉ ሥር አገኟቸው። የወሰኑ ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል። አንድ እግራቸው ተሰብሮ በነጠላቸው ጠምጥመው አስረውታል፣ ከወደቁበት ብዙ ርቀት በክንዳቸው ተስበው ሄደዋል፣ ጥፍራቸው ውስጥ አፈር ሞልቶበታል፣ የገነዟቸው ሰዎች እንዳሉት እስከ ንጋት ድረስ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። እትዬ ታንጉት ባሌ ሱባኤ ላይ ነው ብላ አልፈለገቻቸውም፣ የወንዙ ጩኸት ድምፃቸውን ውጦታል። ትሰማኛለህ? እስከ ንጋት ድረስ በሕይወት ነበሩ። ደመ ከልብ ሆነው ቀሩ፣ እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ውሻ ያስቀመጥኩበትን ጊዜ እየቆጠርኩ ነበር።

ከሱባኤው ወጥተው ድንጋዩን ወዴት ይወስዱት እንደነበር የሚያውቅ የለም። ግማሹ ሰው በሱባኤያቸው ንስሐ ገብተው ወደ ቦታው ሊመልሱት ነው አለ፣ ግማሹ በጉም ተከልለው የበለጠ ሊገፉት ነው አለ፣ እኔ ደግሞ ምናልባት የተንሸራተተውን አንስተው ለእርቅ ሊያሳዩኝ ይሆናል እያልኩ ሌሊት አልተኛም። ከቀብሩ በኋላ መምሬ ክንፉን ለብቻቸው አግኝቼ «አባ፣ እባክዎ፣ ሊመልሱት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሰው ንስሐ ከእኔ ጋር ነው የሚቀበር» አሉኝ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ አየት አድርገውኝ «አንተስ የምትነግረኝ አለህ?» አሉ።

«የለኝም አባ» አልኳቸው።

ለቅሶው ቤት ደግሞ እትዬ ታንጉት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «መምሩ፣ ቤትህ እኮ ከሁሉም ቅርብ ነው፣ ያን ለታ ውሻህ አልጮኸም ወይ?» አለችኝ። «አልጮኸም» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም፣ አልጮኸም። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ልንገራት እላለሁ፣ ደጇ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ያ ነገር የሆነው የጳጉሜ ሩፋኤል ለት ነው፣ በጠራራው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍም መጠጥም ያልነካኝ ሰው ነኝ። ሙሉ ገና አልተመለሰችም፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ለማረሻ የሚሆን ድግር እጠርባለሁ፣ ዓይናለኝ እግሬ ሥር ተኝቷል። ጉሙ ከገደሉ ተነሳ፣ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የአያ ተገኘን ባቄላ፣ ከዚያ የእኔን ገብስ እየሸፈነ ወደ ላይ ወጣ፣ የወይራው ግንድ ጋ ደረሰ፣ ቆመ።

ዓይናለኝ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ተነሳና ተቀመጠ። ወዳጄ፣ ውሻ ለራሱ ሲቀመጥና ታዝዞ ሲቀመጥ አንድ አይደለም፣ ለራሱ ሲቀመጥ ወገቡን ጥሎ ነው፣ ታዝዞ ሲቀመጥ ግን ደረቱን ነፍቶ ዓይኑን ባዘዘው ሰው እጅ ላይ ይተክላል። ዓይኑን የተከለው ጉሙ ላይ ነበር፣ የሰው እጅ በሚሆንበት ቁመት ላይ። «ማን አዘዘህ ደግሞ?» አልኩት እየሳቅሁ።

ከታች ከማሳው በኩል ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። ከባድ ነገር እርጥብ አፈር ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት፣ ሌላ ምንም አይደለም። አፈር ተንዶ ነው ብዬ ድግሬን መጥረብ ቀጠልኩ። ዓይናለኝ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ጉሙ ገባ። «ና» አልኩት፣ አልመጣም። ቃሉን አትደጋግም ተብዬ የለ፣ ደገምኩት፣ ጮህኩ፣ አልመጣም፣ ያ ውሻ ካሠለጠንኩት ወዲህ አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ተናደድኩና ፋሱን እንደያዝኩ ተከተልኩት።

ያገኘሁት ድንጋዩ ድሮ ተተክሎበት የነበረው ባዶ ጉድጓድ አጠገብ ነው፣ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ የሆነ ሰው ፊት የሚያይ ይመስላል። ሁለት ክንድ እንኳ አልራቀኝም፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ፣ እንደሰማኝ አውቃለሁ፣ ግን አልተነሳም። ከዚያ ሳላዘው ተነሳ፣ ከአንድ ሰው ጎን ጎን እንደሚሄድ እርምጃውን እየመጠነ አሥር እርምጃ ያህል ሄደና እንደገና ተቀመጠ። ዱብ። ከእግሬ ሥር መሬቱ ሲደነግጥ ተሰማኝ። ቀጥሎም እህ የሚል፣ ሸክም ያወረደ ሰው የሚተነፍሰው ረጅም ትንፋሽ፣ እዚያው፣ ከውሻው አጠገብ።

ቆሜ ቀረሁ። ዓይናለኝ ተነሳ፣ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ዱብ። እኔ ደግሞ ዝቅ ብዬ መሬቱን አየሁ፣ አፈሩ ላይ የሰፌድ ስፋት ያለው ክብ ስርጉድ አለ፣ ውሃ ከሥሩ እየመነጨ ሲሞላው በዓይኔ አየሁ፣ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ። የሰው ዱካ ግን የለም፣ የውሻው ዱካ ብቻ ነው። ስርጉዶቹን በዓይኔ ሳያይዛቸው የሚሄዱት ወደ ቤቴ ነው።

ሮጥኩ። ፋሱ የት እንደወደቀ አላውቅም፣ ገባሁና በሩን በመወርወሪያው ቀረቀርኩት፣ ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። ዓይናለኝን ውጭ ጥዬዋለሁ፣ ያኔ ትዝም አላለኝ። ዱብ አለ፣ ወይራው ጋ ይሆናል። ቆየ። ሸክሙ ያደከመው ሰው ነው መቼም፣ በየመሀሉ ያለው ዕረፍት እየረዘመ ነው የመጣው፣ በዚያ ዕረፍት ውስጥ ደግሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። ዱብ። ቀጥሎ ደግሞ ደፉ ላይ ዱብ አለና መደርደሪያው ላይ ያሉት ኩባያዎች ተንኳኩ፣ አቧራ ከጣራው ረገፈብኝ።

ጸጥ አለ። ከዚያ ዓይናለኝ ያን የአፍንጫ ልቅሶውን ጀመረ፣ ያን ለት ሱሪዬን ነክሶ ያሰማኝን፣ በእግሩ በሩን ይቧጭራል፣ ያቆማል፣ ይቧጭራል። «ዝም» ማለት ፈለግሁ፣ ቃሉ አልወጣልኝ አለ። እንባዬ እየወረደ ነበር፣ አፍሬ አልደብቅህም። በዚህ መሀል አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ቆየት ብሎ እንደገና። ቆየት ብሎ ሦስተኛ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው፣ ሲሰማ አባቴ «ግቡ አያ፣ ግቡ» ይሉ ነበር። እኔ መወርወሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ነው የቆምኩት። በስተመጨረሻ በበሩ ስንጥቅ በኩል «አያ ተገኘ» አልኩ፣ «ውሻው መጥቶልኝ ነበር። እርስዎ እዚያ ወድቀው ሳለ መጥቶልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ተቀመጥ ያልኩት፣ ይቅር ይበሉኝ።» ትንፋሹ ትንሽ ቆይቶ ቀረ፣ የውሻውም ቧጨራ ቀረ። ክፈት ክፈት የሚል ነገር በልቤ ነበር፣ አልከፈትኩም።

ጉሙ ሲገፈፍና ፀሐይ በስንጥቁ ስትገባ ነው የከፈትኩት። ዓይናለኝ ደፉ ላይ ታዝዞ እንደሚቀመጥ ተቀምጧል፣ ካፊያ ጥሎ ስለነበር ሰውነቱ በስብሶ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ በጆሮዎቹ መካከል ግን አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደረቅ ነበር። ነካሁት፣ ደረቅም ሙቅም ነበር። በማግስቱ ወደ አፋፉ ሄጄ ወደ ታች አየሁ፣ ድንጋዩ ከወደቀበት አልተነቃነቀም፣ ዙሪያውን ሣር በቅሎበታል።

ከዚያ ወዲያ መሸከም አልቻልኩም። በዚያው ቀን እትዬ ታንጉት ዘንድ ሄድኩ፣ ጥቁሯን ለብሳ ብቻዋን ባቄላ ትፈለፍላለች፣ ልጆቿ ማሳ ላይ ናቸው፣ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ውሻው እንዴት እንደመጣ፣ እንዴት እንዳስቀመጥኩት፣ እስከ ሁለት መቶ እንደቆጠርኩ ሳይቀር ነገርኳት። ስለ ጉሙና ስለ ድምፁ ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ አበደ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እርግማኗን ስጠብቅ እሷ ባቄላዋን መፈልፈሏን ቀጠለች።

«ወዳንተ የመጣ ከእኔ ተባሮ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ምን አልሽ?»

«ውሻህ መጀመሪያ ወደኔ ነው የመጣ። ቀሚሴን ይዞ ጎተተኝ። የሰውዬው ስድብ ደሞ እስከ ቤቴ ገባ ብዬ በድንጋይ ወገቡን አልሁት። ድምፁን እንኳ አላሰማ። ምን አርገኸው ነው እንዲህ የማይጮህ? ቢጮህ ኖሮ እኮ እወጣ ነበር፣ መምሩ።»

ከጉልበቴ ሳልነሳ ከፊቷ የፈሰሰውን ባቄላ መልቀም ጀመርኩ።

«ለማንም አልነገርሁ» አለች፣ «ልጆቹ አባታችንን ገደልሽው ይሉኛል።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ ስር ጠቁሯል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ድንጋዩን ይዞ ወዳንተም መጣ?» አለችኝ።

እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ስለ ድንጋዩ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም ነበር።

«እኔ ዘንድ ሁለቴ መጥቷል» አለች፣ «ደፉ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይጠብቃል። አርባ ዓመት አብሬው የኖርሁ ሴት ነኝ፣ ለገዛ ባሌ ግባ ማለት አቃተኝ። ከፍቼ ምን ልበለው? ውሻው ነግሮኝ አልመጣሁም ልበለው?»

«ምን ፈልገው ነው? ድንጋዩን የት ሊያደርሱት ነው?» አልኳት።

«እሱን ብናውቅ ኖሮ» አለች።

ያን ለት ተማማልን፣ ከእንግዲህ ከሁለታችን የመጣበት ሰው በሩን ይከፍታል፣ ከፍቶም ግቡ ይላል፣ ግቡ ከተባሉ ምናልባት ድንጋዩን ያሳርፉታል ብለን። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። ዓይናለኝ አርጅቶ ሞተ፣ ከዚያች ቀን በኋላ አንድም ነገር አዝዤው አላውቅም፣ ክፍል ውስጥ እንኳ ተማሪዎቼ ሲነሱልኝ ተቀመጡ ማለት አቅቶኝ በእጄ ምልክት ነው የማሳያቸው፣ መምህሩ ድምፅ ይቆጥባል ይሉኛል። ያችን ሁለት እርምጃ መሬት ማናችንም አናርሳትም፣ አረም ወርሷታል። ክረምቱ አልቆ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጠይቃት እሄዳለሁ፣ ልጆቿ ከፊታችን ገለል እስኪሉ እንጠብቃለን።

«ከፈትሽ?» እላታለሁ።

«አልከፈትሁም። አንተስ?»

እኔም አልከፈትኩም።